ማውሱን ማን ይያዘው?

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። ስድስት ነን፤ ከሁለቱ ልጆች በቀር ሁላችንም ከ45 አልፈናል። ያሉን ኮምፒውተሮች ሦስት ናቸው። ኔትወርኩ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። አምና የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አንድም የያዝነው ነገር የለም። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ክፈቱ፣ ኤአይ ተማሩ፣ ዲጂታል ሁኑ እየተባልን ነው። ከየት እንጀምር? ወይስ የኛ ነገር አልፎበታል?»

እህቴ፣ አላለፈበትም። የዕድሜውን ነገር እዚሁ ላይ እንተወው።

እኔም እንደዚያ ዓይነት ሥልጠና ሰጥቼ አውቃለሁ። ኮምቦልቻ ላይ ነበር። ሦስት ቀን፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ በብስኩት፣ በመጨረሻም ሰርተፍኬትና ፎቶ። ጥሩ ያስተማርኩ መስሎኝ ሐረጎን ሽቅብ ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ጎራ ስል አንዲት ሠልጣኝ የነበሩ እናት ደብተራቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የተናገርኩት ሁሉ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ የኢሜይል ፓስወርዳቸው ሳይቀር። ኢሜይሉን ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ከፍተውት አያውቁም። ለምን ስላቸው «ባበላሸውስ?» አሉኝ።

እኔ ስለ ኢንተርኔት ሳወራ እሳቸው የሚያስቡት ስለ ሞዴል 22፣ ስለ ንብረት ወጪ ቅጹ ነበር ለካ። ኮምፒውተሩ በስማቸው ነው የወጣው። ፈርመዋል። ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? እንግዲህ እንዲህ የሚፈራ ሰው እንዴት ይማራል? አዲስ መሣሪያ የሚለመደው በመነካካት ነው፤ ልጆቻችን የሚቀድሙን ስልኩ በስማቸው ስላልተፈረመ ነው እላለሁ እኔ፣ ጭንቅላታቸው ስለበለጠ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ማስተማር አይደለም። ከሦስቱ ኮምፒውተሮች አሮጌውን ይምረጡ። አስፈላጊ ፋይል ካለበት ወደ ሌላው ያዛውሩ። ከዚያ ወረቀት ላይ «የመለማመጃ» ብለው ጽፈው ይለጥፉበት፤ ኃላፊውም በልምምድ ምክንያት ለሚደርስ ብልሽት ሠራተኛ እንደማይጠየቅ በአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ይፈርሙበት። ቀልድ አይደለም። ይቺ ደብዳቤ ከሦስት ቀን ሥልጠና ትበልጣለች።

ይሄ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ፣ የሻርለት ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቹን እንዴት አድርጎ አዲስ ነገር እንደሚያስለምድ ግራ ገብቶት ነበር። ሄለን ብሎወርስ የምትባል ባለሙያ ሰውን ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ማስተማሩን ትታ 23 ትንንሽ ነገሮችን ዘርዝራ ሰጠቻቸው። አንድ ብሎግ መክፈት፣ አንድ ፎቶ መጫን፣ አንድ ፖድካስት ፈልጎ መስማት፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። ጊዜው ዘጠኝ ሳምንት ነው፤ በቀን አንድ 15 ደቂቃ ይበቃል ተባለ። እያንዳንዱ ሰው ሞክሮ የገጠመውን ይጽፋል። ለጨረሰ ደግሞ ኤምፒስሪ ማጫወቻ ይሸለማል። ነገሩ «23ቱ ነገሮች» ተብሎ በብዙ አገር ያሉ ቤተ መጻሕፍት ቀዱት።

እኔን ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከነበሩት ድረ ገጾች አንዳንዶቹ ዛሬ የሉም፣ ተዘግተዋል። ሠራተኞቹ ያተረፉት የማያውቁትን ነገር ከፍቶ የማየት ድፍረቱን ነው። እናንተም ዛሬ የምትለምዱት ነገር ከአምስት ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል፤ እና ምን ይሁን?

የነሱን ዝርዝር እንዳለ እንዳትቀዱት ግን። የናንተ ዝርዝር ባንኮኒያችሁ ላይ ነው ያለው። አንድ ደብተር ያስቀምጡና ለሁለት ሳምንት አንባቢ የጠየቀውን ሁሉ፣ መልስ ያገኘውንም ያላገኘውንም፣ በአንድ በአንድ መስመር ይጻፉ። ማን እንደጠየቀ አይጻፍ፣ ጥያቄው ብቻ። እኔ ከዚህ በፊት ባየኋቸው ደብተሮች ላይ የሚደጋገመው የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍ ፒዲኤፍ፣ የ12ኛ ክፍል የድሮ ፈተና፣ ሲቪ አሠራር፣ ፓስፖርት በኦንላይን ማመልከት፣ ስኮላርሺፕ ነው። እናንተ ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የበዛውን አንድ ጥያቄ ይምረጡ። የሳምንቱ ትምህርት እሱ ነው። «ኢንተርኔት እንማር» ብሎ የተነሳ ሰው የት እንደሚደርስ አያውቅም፤ «ትናንት ያቺ ልጅ የጠየቀችውን የ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ ፈልገን እናምጣላት» ያለ ግን ሲጨርስ መጨረሱን ያውቃል።

ሰዓቱን ከቡናው ጋር ያድርጉት። ወሎ ላይ ሰው ለስብሰባ ባይመጣ ለቡና ይመጣል። አቦሉ እስኪወርድ ያለችው ሃያ ደቂቃ ትበቃለች። (ስኒውን ከኪቦርዱ አርቁት፤ ደብዳቤው እሱን አይሸፍንም።)

አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለኝ። ማውሱን የሚይዘው የማያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በአፉ ብቻ ይናገር። ሁለቱ ልጆች መጀመሪያ ላይ ይቁነጠነጣሉ፤ «ቆይ እኔ ላድርገው» ማለት ይቀናቸዋል። ያን ጊዜ ትምህርቱ ያበቃል። ደግሞ ልጆቹም ሁሉን ያውቃሉ ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ቲክቶክ ላይ የሚራቀቅ ወጣት ኢሜይል ላይ ፋይል ማያያዝ ሲያቅተው አይቻለሁ። የመጽሐፍ አመዳደቡን፣ ዲዊ የሚባለውን የመመደቢያ ቁጥር፣ የትኛው ደራሲ በምን ስም እንደሚታወቅ፣ እሱን እናንተ ናችሁ የምታውቁት። ተቀያየሩ።

ወደ ቴሌግራም ልምጣ፤ ዋናው ትእዛዝ እሱ ይመስለኛል።

ግሩፕ አይክፈቱ፣ ቻናል ይክፈቱ። ግሩፕ ላይ ሁሉም ይጽፋል፤ ሌሊቱን የማስታወቂያና የሎተሪ ሊንክ ሲወርድበት የሚያጸዳው ሰው የላችሁም። ቻናል ላይ የሚጽፉት አድሚኖቹ ብቻ ናቸው። ምን ይለጠፍበታል? አዲስ የገባ መጽሐፍ ሽፋን ፎቶና ሁለት መስመር፣ የሥራ ሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ የሚዘጋ ከሆነ ማሳወቂያ፣ ከደብተሩ የወጣ አንድ ጥያቄ ከነመልሱ። ኔትወርኩ ለሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ጥሩ ዘዴ አለች። ጽፈው ሲጨርሱ የመላኪያዋን ምልክት ተጭነው ይያዟት፤ ቀንና ሰዓት የሚቀጠርበት አማራጭ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ኔትወርክ ባለበት ሰዓት የሳምንቱን ሁሉ ቀጥረው ይተውት። በሰዓቱ የሚልከው የቴሌግራም ሰርቨር (ዋናው ኮምፒውተራቸው) ስለሆነ የናንተ መብራት ቢጠፋም ይደርሳል።

የቻናሉ ባለቤትነት ነገር ላይ አንድ ጉድ አይቻለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ቻናሉን በአንድ ወጣት ሠራተኛ የግል ስልክ ከፈተ። ብዙ ተከታይ አፈራ። ልጁ ሥራ ለቀቀ፣ ሲሙንም ቀየረ፣ ቻናሉ ዛሬም አለ፤ የሚጽፍበት ግን የለም። በቤተ መጻሕፍቱ ስም ሲም ያውጡ። ከባለቤቱ ሌላ ቢያንስ ሁለት አድሚን ይኑር። ባለ ሁለት ደረጃ ፓስወርዱንም (በስልክ ከሚመጣው ኮድ በተጨማሪ የሚጠየቀውን) ዛሬውኑ ያብሩት፤ ያለሱ ባለቤትነቱን ወደ ሌላ ሰው ማዛወር አይቻልም። ፓስወርዱ ደግሞ በታሸገ ፖስታ ሆኖ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ደብተር ላይ አይጻፍ፣ እንደ ሠልጣኜ!

አሁን የማይወደደውን ላንሳ። አንባቢዎች «የእገሌን መጽሐፍ ፒዲኤፍ ልቀቁልን» ማለታቸው አይቀርም። ቴሌግራም ስካን በተደረገ መጽሐፍ ተሞልቷል፣ ሁላችንም እናውቃለን። ግን እናንተ የሕዝብ ተቋም ናችሁ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል። ፎቶ ማንሻ ስላላችሁ ብቻ አንስታችሁ አትልቀቁት። ሽፋኑን ለጥፋችሁ «መደርደሪያ ላይ አለ፣ ኑ» በሉ። የአንባቢ ፎቶም ሳያስፈቅዱ አይለጠፍ፤ የሕፃናት ሲሆን ወላጅ ይጠየቅ።

እስካሁን ያወራሁትን ማንም ሊነግርዎት ይችላል። የሚቀጥለውን ግን ከውጭ የመጣ አሠልጣኝ አይነግርዎትም፣ እኔም ቁጭ ብዬ ማውራት የምወደው እሱን ነው።

ኮምፒውተር አማርኛ አያውቅም። ፊደሉን ያሳያል እንጂ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኛ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። ለሱ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የመጻሕፍት ዝርዝራችሁን ኤክሴል ላይ ጻፋችሁ እንበል። አንዱ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ ጻፈ፣ ሌላው «ስነ ጽሁፍ»፣ ሦስተኛው «ስነፅሁፍ»። ይቺን አንዲት ቃል ብቻ ብንቆጥራት፣ ሁለቱ ሰ፣ ሁለቱ ጸ፣ ሦስቱ ሀ፣ ከዚያ ላይ በክፍተት፣ በሰረዝ ወይም ገጥሞ የመጻፉ ነገር ሲጨመር 36 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣታል። አንባቢው በአንዱ ሲፈልግ በ35ቱ የተጻፈው አይታየውም። «የለም» ተብሎ ይሄዳል። መጽሐፉ ግን ከጀርባችሁ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ግን መስማማት ይጠይቃል። አንድ አጻጻፍ ምረጡ። እኔ የምመክረው የመጽሐፉን ርእስ ሽፋኑ ላይ እንዳለ መጻፍና፣ አጠገቡ ሌላ ዓምድ ከፍቶ በቀለለው ፊደል ብቻ መድገም ነው። ሁሌ ሀ፣ ሁሌ ሰ፣ ሁሌ አ፣ ሁሌ ጸ። ፍለጋው በሁለተኛው ዓምድ ይሆናል። ካህናቱ ሲያዩት ይቆጡ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ዓምድ አሳዩአቸው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉም ያው ነው፣ አንድ ጊዜ ጽፋችሁ ካላገኛችሁ ፊደል ቀይራችሁ ድገሙ እንጂ «የለም» አትበሉ። ይሄ ራሱ ለአንድ ሳምንት የቡና ሰዓት የሚበቃ ትምህርት ነው።

ቀጥሎ ስም። ከውጭ የተሠራ ፕሮግራም «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ይሰጥዎታል። እዚያ ላይ የአባት ስም ከተጻፈ አንድ ደራሲ በአባቱ ስም ይመደባል፤ አንባቢ ደግሞ በአባት ስም አይፈልግም። የኢትዮጵያ ሰው በራሱ ስም ነው የሚመዘገበው፣ በዓለም አቀፉ የካታሎግ ልማድም ቢሆን። ሳጥኑ ምንም ይበል ሙሉ ስሙን በተጠራበት ቅደም ተከተል ያስገቡ።

ዓመተ ምሕረቱንም ልብ ይበሉ። ሽፋኑ ላይ 1996 የሚል መጽሐፍ የኛ ዘመን ይሁን የፈረንጅ ካልተለየ የሰባት ስምንት ዓመት ስሕተት ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የምትለዋን ሳይጨምሩ አይለፉ።

ሌላው የድሮ ፋይል ነው። ጥንት የተተየበ የመጻሕፍት ዝርዝር ፍላሽ ላይ ካላችሁ ስትከፍቱት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሊሆን ይችላል። አልተበላሸም። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ ብዙ ቦታም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ፎንቶች የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ይፈልጉ፤ ከአንድ የጽሕፈት ቤት አይጠፋም። እዚያ ላይ አትመው ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ያንሱና ጎግል ድራይቭ ላይ ጭነው በጎግል ዶክስ ይክፈቱት። ፎቶውን ወደሚታረም ጽሑፍ ይለውጥልዎታል። ይሳሳታል፣ በተለይ የሚመሳሰሉ ፊደላት ላይ፤ ግን ከዜሮ ከመተየብ ማረም ይሻላል።

መተየቡ ለከበዳቸው ደግሞ ስልካቸው ላይ ጂቦርድ የሚባለውን የጎግል ኪቦርድ ከነአማርኛው ያስጭኗቸውና የማይክሮፎኗን ምልክት ያሳዩአቸው። ይናገራሉ፣ ይጽፍላቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ሰዎች ሲደነግጡም ሲስቁም አይቻለሁ። አንዳንዴ የወሎውን አነጋገር ስቶ ጉድ ይጽፋል፣ እሱንም ስቃችሁ አርሙት።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆንን አይረሳም። ስለዚህ ኢንተርኔት ከሌለም የሚሠራ ነገር ይኑራችሁ። ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዊኪፔዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ ተራ ፍላሽ ይይዘዋል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋ ባይት ገደማ ስለሆነ በዳታ አይሞከርም፤ ሃርድ ዲስክ ይዞ ጥሩ መስመር ያለበት፣ ለምሳሌ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የሚያውቁትን ሰው ማስቸገር ነው። ፋይሉን ስትገለብጡ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ቢላችሁ ግራ አትጋቡ። ሃርድ ዲስኩ ፋት32 በሚባለው አሠራር ከተዘጋጀ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ፎርማት ይደረግ፤ ያለበት ፋይል ስለሚጠፋ መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። እኔ ይሄን እስካውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ የሚያምረው ይመጣል። ኪዊክስ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር ማድረግ ይችላል። ተራ የዋይፋይ ራውተር ካለ፣ ኢንተርኔት ባይኖረውም፣ ልጆቹ በስልካቸው ተገናኝተው ክሮም ላይ አድራሻውን ጽፈው ያነባሉ። ካርድ አይቆጥርም።

ኤአይን በአጭሩ። ተማሩት፣ ግን እናንተ ፈታኝ ሆናችሁ። ቻትጂፒቲን ወይም ሌላውን ከፍታችሁ እናንተ አሳምራችሁ የምታውቁትን ጠይቁት። የደሴውን አይጠየፍ አዳራሽ ማን አሠራው በሉት። ንጉሥ ሚካኤል ካለ ጎበዝ። ከዚያ «ስለ ደሴ ታሪክ የተጻፉ አምስት የአማርኛ መጻሕፍት ከነደራሲያቸው ስጠኝ» በሉትና እያንዳንዱን በካርድ ሳጥናችሁና በኢንተርኔት አረጋግጡ። በሙሉ ልብ የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ሊነግራችሁ ይችላል። ይሄን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሠራተኛ ተማሪ «ኤአይ ነው ያለኝ» ብሎ ሲመጣ ምን እንደሚመልስ ያውቃል። ደብዳቤ ለማስተካከል፣ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፍሬ ነገሩን ለማውጣት ግን ይጠቅማል። የአንባቢ ስምና መታወቂያ እዚያ ውስጥ አይግባ።

ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ጫኑ የሚላችሁ ሰው ይመጣል። መጥፎ ነገር አይደለም፣ ኒውዚላንድ ውስጥ የተሠራ ነው፣ በነፃም ይገኛል። የሚጠብቀውና ሲቆም የሚያስነሳው ሰው ከሌላችሁ ግን አሁን አትንኩት። መጀመሪያ ኤክሴሉ ይጥራ። የጠራ ኤክሴል በኋላ ወደ ኮሃ ይገባል፤ ያልጠራው የትም አይገባም።

ኃላፊዎቹን ሌላ ሥልጠና አይጠይቋቸው። ሦስት ነገር ይጠይቋቸው፦ ያቺን ደብዳቤ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ስም የወጣች ሲም ከወርሃዊ ፓኬጅ ጋር፣ ሃያ ደቂቃዋም እንደ ሥራ ሰዓት እንድትቆጠር። ሽልማት ካማራቸው ደግሞ ለጨረሰ ሰው አንድ 64 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል።

ደብተሩን ሰኞ ይጀምሩት። ሁለት ሳምንት ሲሞላው የጥያቄዎቹን ገጽ በስልክ አንስተው ይላኩልኝ፤ የትኛው ጥያቄ በየትኛው ሳምንት ቢሆን እንደሚሻል አብረን እንደረድረዋለን። እነዚያ የኮምቦልቻዋ ሠልጣኝ እናት ደብተራቸውን ቀይረዋል። ባለፈው ስሄድ በስልካቸው ድምፅ እየጻፉ አገኘኋቸው፤ ፓስወርዱን ግን አሁንም እዚያው ሽፋኑ ላይ ነው የሚጽፉት።